በቤት ውስጥ ቀላል የድረ ገጽ ሰርቨር አሠራር፦ መብራት ሲጠፋም መስመር ሲቋረጥም እንዲያገለግል

ደሴ ላይ በምኖርበት ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ ካለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ታችኛው እርከን ላይ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ቀንም ሌሊትም በርቶ ይውላል፣ ያድራል። በውስጡ በስልክ የተቀረጹ የአረጋውያን መንዙማዎችና የመሰንቆ ድምፆች፣ የልጆች የትምህርት ማስታወሻዎችና የቤተሰብ ፎቶግራፎች አሉ፤ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ማንኛውም ስልክ ብራውዘሩን ከፍቶ አንዲት የቁጥር አድራሻ ሲጽፍ ሁሉም ይቀርቡለታል። ለዚህ የሚቆረጥ የዳታ ፓኬጅ የለም፤ ከውጭ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር ቢቋረጥም አገልግሎቱ አይቋረጥም።

ይህ መመሪያ ከዚህ በፊት ሰርቨር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ቅዳሜ ጀምሮ እሑድ እንዲጨርስ ለመርዳት የተጻፈ ነው። ብዙዎቹ መመሪያዎች ጀማሪውን አጣድፈው ሰርቨሩን ለዓለም ሁሉ እንዲከፍት ያደርጉታል፤ እኔ ግን ወሎ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሰርቨሩ አስቀድሞ ለቤቱ ሰዎች ይሥራ፣ መብራት ሲጠፋ ይጽና፤ ወደ ውጭ ማውጣቱ ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።

ሰርቨር ምን ይሠራል?

የድረ ገጽ ሰርቨር የተለየ ዕቃ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ጥያቄ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ የስልክዎ ብራውዘር «ይህን ገጽ ስጠኝ» ሲለው ፋይሉን ፈልጎ ያቀብላል። የሚጠብቅበት በር ፖርት ይባላል። ለተራ የድረ ገጽ ግንኙነት የተመደበው ፖርት 80፣ ለተመሰጠረው ደግሞ 443 ነው። እርስዎ ኮምፒውተሩን ከርቀት የሚያዙበት ኤስኤስኤች የተባለው መንገድ በፖርት 22 ይገባል። ለዚህ ሥራ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ማወቅ ይበቃል።

ዕቃውን መምረጥ

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው በራሱ የመብራት መጠባበቂያ ስለሚሆን፣ ኃይል ሲቋረጥ ሰርቨሩ ሳይጠፋ፣ ፋይሎችም በግማሽ ተጽፈው ሳይበላሹ ይቆያሉ። ሁለት ጊጋባይት ራምና ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ካለው ይበቃል፤ ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ወይም ከኪቦርዱ ጥቂት ቁልፎች ባይሠሩ ከጭነቱ በኋላ የሚጎዳ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተርም ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ ነገር ግን የራሱ ባትሪ ስለሌለው መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል፣ የሚጠቀምበት የሜሞሪ ካርድም በተደጋጋሚ ድንገተኛ መጥፋት ሊበላሽ ይችላል።

ባትሪው ግን መመርመር አለበት። ላፕቶፑን ዝርግ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ቢወዛወዝ፣ ወይም ጣት የሚንሸራተትበት ሰሌዳ ወደ ላይ ተገፍቶ ቢያገኙት፣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና ያለ ማመንታት እንዲወጣ ያድርጉ፤ አይብሱት፣ አይጫኑትም። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ቀንና ሌሊት አብርቶ መተኛት አይገባም።

ስለ መብራት ሒሳብ የሚሰጋ ሰው ስሌቱን ራሱ ሊያወጣው ይችላል። ያለ ብዙ ሥራ የበራ፣ ስክሪኑ የጠፋ ላፕቶፕ ወደ 15 ዋት ይወስዳል ብንል፣ በቀን 24 ሰዓት ለ30 ቀን ሲሠራ 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 6 ሰዓት ሲበራ በወር ከሚፈጀው ጋር እኩል ነው።

የሚቀመጥበት ቦታ አየር የሚያገኝ፣ ከአቧራና ከጭስ የራቀ ይሁን። ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነች ሙቀቱ እምብዛም አያሳስብም፤ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ ያለ ሰው ግን ላፕቶፑን ከግድግዳ አርቆ፣ ከታች ሁለት ቁራጭ እንጨት አስገብቶ ከፍ ቢያደርገው መልካም ነው። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ አይመረጥም፤ ጥቃቅኑ አመድና ጥላሸት ማራገቢያው ውስጥ ተከማችቶ ያፍነዋል።

ኡቡንቱ ሰርቨርን መጫን

እኔ የምመክረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2024 የወጣውንና መደበኛ የጥገና ድጋፉ አምስት ዓመት የሚቆየውን ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 የተባለውን የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በነፃ ይገኛል። ፋይሉ ከሁለት ጊጋባይት ስለሚበልጥ ያልተገደበ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ማውረድ ይሻላል። የወረደውን ፋይል ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ይጻፉት፤ ተራ ቅጂ ብቻ አያስነሳም። በፍላሹም በላፕቶፑም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ፣ የሚፈልጉትን አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያውጡ።

ፍላሹን ሰክተው ላፕቶፑን ሲያስነሱ፣ እንደ ሥሪቱ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9፣ ኤፍ 2 ወይም ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑና ከፍላሹ እንዲነሳ ይምረጡ። ጫኙ ፕሮግራም ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ እንዳሉ ቢታለፉ ጉዳት የላቸውም። ሁለቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሲሆን፣ የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን፤ ወረቀት ላይም ይጻፍ። ሁለተኛው «ኦፕን ኤስኤስኤች ሰርቨር ይጫን?» የሚለው ሲሆን ምልክት ያድርጉበት፤ ይህ ከተዘለለ ላፕቶፑን ከሌላ ኮምፒውተር ማዘዝ አይቻልም። በጭነቱ ጊዜ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ያገናኙት፤ ከዚያም በኋላ ገመዱ ባይነቀል ይመረጣል፣ ለሰርቨር ከዋይፋይ ይልቅ ገመድ የታመነ ነውና።

ጭነቱ ሲያልቅ ጥቁር ስክሪንና ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያያሉ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በትእዛዝ ነው። በዚህ መመሪያ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ በኪቦርዱ ላይ ግን፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፤ በቃላቱ መካከል አንድ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ በመጨረሻም ኢንተር ይጫናል። ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው «ሱዶ» (ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ) የተባለው ቃል «በአስተዳዳሪ ሥልጣን ፈጽም» ማለት ነው፤ የይለፍ ቃል ሲጠይቅዎ የሚጽፉት ስክሪኑ ላይ አይታይም፣ ይህም ትክክለኛ አሠራሩ ነው።

ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማድረግ

ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ እንዲተኛ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሰርቨር ግን መተኛት የለበትም። ይህን ሳላውቅ ክዳኑን ዘግቼ ገጹ የጠፋበትን ምክንያት ራውተሩ ውስጥ ስፈልግ አንድ ሙሉ ምሽት ስላለፈብኝ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አነሳዋለሁ። «ሱዶ ናኖ» ብለው፣ በኢቲሲ ፎልደር፣ በሲስተምዲ ውስጥ የሚገኘውን «ሎግኢንዲ ነጥብ ኮንፍ» የተባለ ፋይል ሙሉ መንገዱን (/etc/systemd/logind.conf) አስከትለው ይክፈቱ። «ሃንድል ሊድ ስዊች» የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ ከፊቱ ያለውን የመሰላል ምልክት (#) ያጥፉ፤ ከእኩል ይሆናል ምልክት በኋላ ያለውን «ሰስፔንድ» የሚል ቃል ሰርዘው «ኢግኖር» (አይ፣ ጂ፣ ኤን፣ ኦ፣ አር፣ ኢ) ብለው ይተኩት። ኮንትሮልና ኦ በአንድነት ተጭነው ያስቀምጡ፣ በኮንትሮልና ኤክስ ይውጡ፣ ከዚያም «ሱዶ ሪቡት» ብለው ኮምፒውተሩን ያስነሱ።

አድራሻው እንዳይቀያየር ማድረግ

«አይፒ» ብለው ክፍት ቦታ ትተው «ኤ» የሚለውን ፊደል ሲጽፉ የኮምፒውተሩ አድራሻ ይወጣል። 127.0.0.1 የሚለውን ይለፉት፤ እርሱ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ነው። የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምረው ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.50 ይሁን። ይህን አድራሻ የሚሰጠው ራውተሩ ስለሆነ በሌላ ቀን ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትናንት የሚሠራው አድራሻ ዛሬ አይከፍትም። መፍትሔው ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ ያ አድራሻ ለዚያ ላፕቶፕ ብቻ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ራውተሩ ላፕቶፑን የሚለየው ማክ አድራሻ በተባለው፣ በሁለት በሁለት ተከፍሎ በሚጻፍ ባለ 12 ምልክት መለያ ነው፤ እርሱም በዚያው ትእዛዝ ውጤት ውስጥ «ሊንክ ኤተር» ከሚለው ቀጥሎ ይገኛል።

ሰርቨሩን መጫንና የመጀመሪያው ገጽ

እዚህ ላይ የምንጠቀምበት ኢጎር ሲሶየቭ የተባለ ሩሲያዊ ባለሙያ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የቀረበው ኤንጂንኤክስ (ኤን፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤክስ) ነው። ከእርሱ የሚቀድመው አፓቺም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኤንጂንኤክስ በትንሽ ራም ብዙ ጥያቄ ስለሚያስተናግድ ለአሮጌ ላፕቶፕ የተሻለ ነው። መጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤንጂንኤክስ» ይበሉ። ሲጨርስ ፕሮግራሙ በራሱ ይነሳል፤ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥርም አብሮ ይነሳል።

በመቀጠል ካልተፈቀዱት ፖርቶች በቀር እንዳይገባ የሚከለክለውን የእሳት አጥር (ፋየርዎል) ይዝጉ። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፦ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው 22»፣ ከዚያ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው 80»፣ በመጨረሻ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል»። ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው እያዘዙ 22ን ሳይፈቅዱ አጥሩን ቢዘጉ፣ ራስዎን ከውጭ አስቀርተው በሩን ቆለፉ ማለት ነው።

አሁን በስልክዎ ብራውዘር አድራሻውን ሲጽፉ የኤንጂንኤክስ የእንኳን ደህና መጡ ገጽ መታየት አለበት። ገጹ ከመጣ ከባዱ ሥራ አልቋል። የቀረው የራስዎን ገጽ መተካት ነው።

ገጾቹ የሚቀመጡት በቫር፣ በደብሊው ደብሊው ደብሊው፣ በኤችቲኤምኤል ፎልደር (/var/www/html) ውስጥ ነው። ወደዚያ ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን መጻፍ እንዲችሉ «ሱዶ ሲኤች ኦውን» የሚለውን ትእዛዝ (ሲኤች እና ኦውን ሳይለያዩ)፣ የተጠቃሚ ስምዎንና የፎልደሩን ሙሉ መንገድ አስከትለው ይጻፉ። ገጹን ግን በሰርቨሩ ስክሪን ላይ ለመጻፍ አይሞክሩ። ያ ጥቁር ስክሪን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የፊደል ቅርጽ ቢበዛ 512 ስለሆነና የአማርኛ ፊደላትም ስለማይገኙበት፣ የጻፉት ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ ስክሪኑ ማሳየት አቅቶት ነው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽፈው ዊንኤስሲፒ በተባለው ፕሮግራም፣ በፖርት 22 በኩል፣ ወደ ሰርቨሩ ያሳልፉት።

ለመጀመሪያ ገጽ ትንሽና የምናውቀውን ርዕስ መምረጥ ጥሩ ነው። እኔ የመረጥኩት አራቱን ቅኝቶች ነበር፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች የወሰዱ ናቸውና ልጆቹ ባቲንና አምባሰልን በካርታም በመሰንቆም እንዲያውቋቸው ፈለግሁ። ለእያንዳንዱ ቅኝት አንድ አንቀጽ ጻፍሁ፤ ከሥሩም በስልክ የቀረጽሁትን ድምፅ አስቀመጥሁ። በ128 ኪሎቢት የተቀመጠ ኤምፒ3 ለአንድ ደቂቃ ወደ አንድ ሜጋባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው አሮጌ ዲስክ ከ1,600 ሰዓት በላይ ድምፅ ይይዛል። የሌላ ሰው ድምፅ ከሆነ ግን፣ ለቤት ውስጥም ቢሆን፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ ማስቀመጥ ይገባል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ አንድ መሰናክል አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚመድበው መስፈርት፣ ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል። ብራውዘሩ ይህን ካልተነገረው ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የተለያዩ የላቲን ፊደላት ሊያነባቸው ይችላልና «ወሎ» ብለው የጻፉት ስድስት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በገጹ ራስጌ (ሄድ በተባለው የኤችቲኤምኤል ክፍል) ውስጥ፣ ከርዕሱ በፊት፣ «ሜታ ቻርሴት እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መስመር ያስገቡ፤ ሌላ «ሜታ ቪውፖርት» የሚል መስመርም ይጨምሩ፤ አለዚያ ጽሑፉ በስልክ ላይ ተጨምቆ ለዓይን ያስቸግራል። ፋይሉን በኖትፓድ ከጻፉ ሲያስቀምጡ የአጻጻፍ ዓይነቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ይመልከቱ።

ስሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መነሻው ገጽ «ኢንዴክስ ነጥብ ኤችቲኤምኤል» ተብሎ ሁሉም በትንንሽ ፊደል መሰየም አለበት፤ ለሊኑክስ ትልቁና ትንሹ ፊደል የተለያዩ ስሞች ናቸው። ኖትፓድ ደግሞ ከስሙ ኋላ ሳያሳይዎ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ሊጨምር ስለሚችል፣ ሲያስቀምጡ «ሁሉም ፋይሎች» የሚለውን ይምረጡ።

መብራት ሲጠፋ

ሰርቨሩ ከተሠራ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው እንደቀጠለ አረንጓዴ መብራቱን አይቼ ተረጋጋሁ። ወዲያው ግን በወዲያኛው ክፍል ለፈተና ስታጠና የነበረች የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ገጹ እምቢ አለኝ» ብላ ጠራችኝ። ሰርቨሩ በርቷል፤ ራውተሩ ግን ጠፍቷል፤ ራውተር ከሌለ ደግሞ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ መንገድ የለም።

ስለዚህ የላፕቶፑ ባትሪ ብቻውን አይበቃም፤ ለራውተሩም መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ባለ ባትሪ መሣሪያ አለ፤ ከሶኬቱና ከራውተሩ መካከል ገብቶ መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲጠፋ ይመግባል። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ገልብጠው «አውትፑት» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ። ብዙዎቹ 12 ቮልት፣ አንዳንዶቹ 9 ቮልት ናቸው። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን ከተጻፈው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ማነስ ብቻ የለበትም። የመሰኪያው ጫፍ ውፍረትም መግጠሙን እዚያው ይሞክሩት። 37 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 8 ዋት የሚወስድን ራውተር በስሌት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ያቆየዋል፤ በተግባር ግን ከዚህ ያነሰ ይጠብቁ።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ዕቃ የሚያቃጥልበት ጊዜ ስላለ፣ ላፕቶፑንም ራውተሩንም በስታቢላይዘር በኩል መሰካት ተገቢ ነው።

ገጹ አልከፍት ሲል

በጣም የሚደጋገመው ችግር ከስልኩ የሚመጣ ነው። ስልኩ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ በዚያ መንገድ ደግሞ 192.168 ብሎ የሚጀምር የቤት አድራሻ አይገኝም። ስለዚህ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ዳታውን ያጥፉ፤ «ኢንተርኔት የለውም፣ ልቀጥል?» ብሎ ሲጠይቅም እሺ ይበሉት። ብራውዘሩ ወደ ተመሰጠረው መንገድ እየገፋ ካስቸገረ፣ ከአድራሻው በፊት «ኤችቲቲፒ» የሚለውን ከነሁለት ነጥቡና ከነሁለት ስላሹ ሙሉውን ይጻፉ።

«404» የሚል ቁጥር ከመጣ ሰርቨሩ ይሠራል፣ ፋይሉን ግን በዚያ ስም አላገኘውም፤ «403» ከመጣ ፋይሉን እንዲያነብ አልተፈቀደለትም። ምንም ሳይመጣ ዝም ካለ፣ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ኤንጂንኤክስ» ብለው ፕሮግራሙ መነሳቱን ያረጋግጡ።

ወደ ውጭ ስለ ማውጣት

ሰርቨሩን ከቤት ውጭ ላሉ ሰዎች ለመክፈት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ ይመልከት። አድራሻው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ ማለት ስለሆነ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ብቻውን አያደርሰውም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ግንኙነት የሚዘረጋ፣ እንደ ክላውድፍሌር ተነል ያለ አገልግሎት ያስፈልገዋል። የውጭ አድራሻ ላለው ሰው ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ የሚሰጠው፣ 90 ቀን የሚያገለግልና በራሱ የሚታደስ የምስጠራ ሰርተፍኬት አለ።

ከሁሉ በላይ ግን ፖርት 22ን ለውጭ አይክፈቱ። ለኢንተርኔት የተከፈተ በር ሁሉ ሰው ሳይሆን ማሽን ያንኳኳዋል፤ የይለፍ ቃል እየገመተ ቀንና ሌሊት ይሞክራል። «ሱዶ አፕት አፕዴት» እና «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» በየሳምንቱ መደረግ አለባቸው። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያለበትን ፎልደር ደግሞ ለውጭ በሚከፈት ሰርቨር ላይ ፈጽሞ አያስቀምጡ።

ቅጂ ማስቀመጥ

አሮጌ ዲስክ ሳይናገር ይሞታል። በወር አንድ ቀን፣ በዊንኤስሲፒ ገብተው የኤችቲኤምኤሉን ፎልደር ሙሉውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ፍላሹን ከላፕቶፑ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አያኑሩ። የተገለበጠውን መነሻ ገጽ ከፍተው አንዱን ድምፅ ያጫውቱ፤ ከተሰማ ቅጂው ደህና ነው።